ከምን የተሻለ? በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማነጻጸር፦ ዳሰሳ

«ሥልጠና የወሰዱ አርሶ አደሮች የተሻለ ምርት አገኙ» የሚል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ሪፖርት ላይ ያላነበበ የቢሮ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሰዋስዉ ንጹሕ ነው። ግሡ ከባለቤቱ ጋር ይስማማል፣ «ቤተር» የሚለው ቃል በትክክለኛ ቦታው ተቀምጧል፣ የፊደል ግድፈትም የለበትም። አንባቢው ግን ከምን የተሻለ እንደሆነ አያውቅም። ራሳቸው አምና ካገኙት ነው? ሥልጠናውን ካልወሰዱት ጎረቤቶቻቸው ነው? ከወረዳው አማካይ ነው? ወይስ በዕቅድ ከተያዘው? አራቱ መልሶች አራት የተለያዩ ነገሮችን ይናገራሉ። ከአምናው የተሻለ ከሆነ ምክንያቱ ዝናቡ ሊሆን ይችላል። ከጎረቤት የተሻለ ከሆነ ደግሞ ሥልጠናው ሠርቷል ለማለት ትንሽ ይቀርባል። ጸሐፊው አንዱን አስቦ ይጽፋል፣ ለጋሹ ሌላውን ተረድቶ ገንዘብ ይፈቅዳል፤ ሁለቱም ተግባብተናል ብለው ይለያያሉ።

በእንግሊዝኛ ስለ ማነጻጸር የተጻፈው መመሪያ የትየለሌ ነው። ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሰዋስው ጸሐፊዎች ሲከራከሩበት ኖረዋል። ክርክሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሽከረከረው በቃሉ ቅርጽ ዙሪያ ነው፤ «ሞር» ይቅደም ወይስ «ኧር» ይቀጠል፣ «ለስ» ይባል ወይስ «ፊወር» የሚል። ይህን ሁሉ ስመለከት የምደርስበት ድምዳሜ አንድ ነው፦ በጽሑፍ ላይ ከባዱ ጉዳት የሚደርሰው የንጽጽሩ ሁለተኛ ወገን ሲጠፋ ወይም ሲምታታ ነው። ስለ ቅርጽ የሚባለው ከፊሉ እውነተኛ ሕግ ነው፤ ከፊሉ ግን የጥቂት ሰዎች ምርጫ ሆኖ ሳለ እንደ ሕግ የተቆጠረ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ በተለይ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለተማርን ሰዎች ብዙ ድካም ያስቀርልናል።

ችግሩ በእኛ ዘንድ መልኩን የሚለውጥበት ምክንያት ከአማርኛ ይጀምራል። በአማርኛ መነሻው ቀድሞ ነው የሚመጣው፦ «ከአምናው የዘንድሮው ምርት ይሻላል»። «ከ» ካለን በኋላ የሚወዳደርበትን ነገር ሳንጠራ ወደ ግሡ አንደርስም። በንግግር «ዘንድሮ ይሻላል» ብለን መተው እንችላለን፤ ሆኖም ነገሩን በሙሉ ስናስቀምጥ ሚዛኑ ከፊት ነው። እንግሊዝኛ ግን «ዛን» የሚለውን ቃልና ተከታዩን ወደ ጅራቱ ይወስዳቸዋል። ዓረፍተ ነገሩ ያለ ጅራቱም የተሟላ ስለሚመስል ጸሐፊው ነጥቡን አስቀምጦ ያልፋል። ከአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ደግሞ መነሻው በአእምሮው ውስጥ ቀድሞ ስለተነገረ የጻፈው ይመስለዋል።

የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ልዩነት በሰፊው መርምረውታል። ኔዘርላንዳዊው ሊዮን ስታሰን በ1985 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ የዓለም ቋንቋዎች የሚያወዳድሩበትን መንገድ በዓይነት በዓይነቱ ለየ፤ በኋላም በዓለም ቋንቋዎች አትላስ ውስጥ 167 ቋንቋዎችን አስቀመጠ። ከእነዚህ 78ቱ እንደ አማርኛው «ከ» ሁሉ የቦታ ወይም የአቅጣጫ ምልክት ይጠቀማሉ። እንደ እንግሊዝኛ ለማነጻጸሪያ የተለየ ትንሽ ቃል የሚያቆሙት 22 ብቻ ሲሆኑ፣ የሚበዙትም በአውሮፓ ነው። ስለዚህ አንድ የኢትዮጵያ ተማሪ በ«ዛን» ቦታ «ፍሮም» ብሎ ቢጽፍ አእምሮው አልሰነፈም። የዓለምን ሰፊ መንገድ ተከትሎ ነው ወደ ጠባቡ የገባው። መምህር ይህን ቢነግረው ስህተቱን ለማረም የሚቀለው ይመስለኛል።

ይኸው «ከ» በአንድ ቦታ ያድነናል። «ዲፈረንት» የሚለው ቃል ሲመጣ እንግሊዛውያን «ቱ»ን፣ አሜሪካውያን «ዛን»ን ማስከተል ያዘወትራሉ፤ በሁለቱም አገር ማንም የማይነቅፈው ግን «ፍሮም» ነው። ሄንሪ ፋውለር በ1926 ባሳተመው የአጻጻፍ መዝገበ ቃላት ከ«ፍሮም» በቀር ሌላ አይፈቀድም የሚሉትን ሰዎች አጉል እምነት ይዟችኋል ብሏቸዋል። ቢሆንም እኛ በደመ ነፍስ የምንጽፈው ከሁሉም ጋር ሰላም ስለሆነ መለወጥ የለብንም። ከላቲን የመጡት «ሱፒሪየር»፣ «ኢንፊሪየር»፣ «ሲኒየር» እና «ጁኒየር»፣ እንዲሁም «ፕሪፈር» የሚለው ግሥ ግን «ቱ»ን ነው የሚፈልጉት። «ሱፒሪየር ዛን» በቅጥር ማመልከቻ ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ በቃል ይዞ መገላገል ነው።

ከዚህ የሚከብደው «ከሁሉ» ነው። አማርኛ ለሁሉ በላይ ደረጃ የተለየ ቅርጽ የለውም፤ «ከሁሉ ይረዝማል» ብለን እንጨርሰዋለን። «ራስ ዳሸን ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ ይረዝማል» ስንል ራስ ዳሸን ራሱ ከኢትዮጵያ ተራሮች አንዱ መሆኑ ማንንም አያስጨንቅም። እንግሊዝኛ በጽሑፍ ሲሆን ግን ይጨነቃል። «ሃየር ዛን ኤኒ ማውንቴን ኢን ኢትዮጵያ» ከተባለ ተራራው ከራሱም ሊረዝም ነው፤ ስለዚህ «አዘር» የምትባል ቃል ገብታ ተራራውን ከሚወዳደርበት ጎራ ታወጣዋለች፦ «ኤኒ አዘር ማውንቴን»። አሁን በራስ ዳሸን ፋንታ ኪሊማንጃሮን እናስገባ። ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ነው፣ ራስ ዳሸን ደግሞ ከ4,500 ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ኪሊማንጃሮ የሚገኘው ታንዛኒያ ስለሆነ «አዘር» ከገባች ተራራውን ኢትዮጵያ ውስጥ አስቀመጥነው ማለት ነው፤ መውጣት አለባት። አንዲት ቃል መኖሯና አለመኖሯ የአንድን ተራራ አገር ይናገራል። ይህን ሕግ ከምርጫ ሕጎች ጋር የማልደባልቀው ለዚህ ነው፤ ትርጉም ይሸከማል።

ሌላው ትርጉም የሚሸከም ነገር የሚነጻጸሩት ሁለት ነገሮች አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። «የአዲስ አበባ ሕዝብ ከድሬዳዋ ይበዛል» ብንል በአማርኛ ጆሮ ብዙም አይጎረብጥም፤ የሚጠነቀቅ ጸሐፊ ደግሞ «ከድሬዳዋው» ይልና በአንዲት «ው» ሕዝቡን መልሶ ይጠራዋል። እንግሊዝኛ ያቺን «ው» የሚተካባቸው ቃላት አሉት፤ ለነጠላ «ዛት ኦፍ»፣ ለብዙ «ዞዝ ኦፍ»። እነርሱ ካልገቡ ሕዝብ ከከተማ፣ ደመወዝ ከሠራተኛ፣ የአንድ መጽሐፍ ዋጋ ከሌላ መጽሐፍ ጋር ይወዳደራል። አንባቢው ብዙ ጊዜ አቃንቶ ስለሚረዳው ስህተቱ ቀላል ይመስላል። በጥናት ጽሑፍ ግን ቀላል አይደለም። «የጅማ ቡና አሲድ ከሐረር ያንሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር የአሲድ መጠን ከአሲድ መጠን ነው ወይስ አሲድ ከሌላ የሐረር ቡና ባሕርይ ጋር የተለካው? መለኪያውን የሚያውቅ ባለሙያ ይገምታል፤ የማያውቅ ግን አይችልም።

እስካሁን ያነሳኋቸው ሦስቱ፣ ማለትም የጠፋው መነሻ፣ ራሱን ከራሱ ጋር ያወዳደረው ነገርና ዓይነቱ ያልተመሳሰለው ጥንድ፣ በቀይ እስክሪብቶ ብዙም አይነኩም። ቀዩ ቀለም የሚፈሰው በ«ሞር ቤተር» ላይ ነው። ደብተሩ የተማሪ ይሁን የተመራማሪ፣ ድርብ ማበላለጫ ከታየ ዙሪያውን ይከበባል። የዚህ ቅርጽ ታሪክ ግን መምህራን ሲናገሩት ያልሰማሁት ታሪክ ነው። ጥንታዊው እንግሊዝኛ የሚያበላልጠው በቅጥያ ብቻ ነበር፤ «ሞር»ን ከፊት ማስቀደም የተስፋፋው ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ሲኖሩ ሰዎች ለአጽንዖት ደረቧቸው። በሼክስፒር ዘመን መደረብ ነውር አልነበረም፤ «ሞር ቤተር» ራሱ ቃል በቃል «ዘ ቴምፔስት» በተባለው ተውኔቱ ውስጥ አለ።

ነውር ያደረጉት የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰዋስው ጸሐፊዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ፣ በኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ላውዝ፣ በ1762 ባሳተመው አጭር የሰዋስው መግቢያ ድርብ ማበላለጫን አወገዘ። ላውዝም ቢሆን አንድ በር ትቷል። በቆየው የመዝሙረ ዳዊት ትርጉም ፈጣሪ በድርብ የልዕልና ቃል መጠራቱን አልነቀፈም፤ ስሙ የተጠራው አካል ከልዑላን ሁሉ በላይ ስለሆነ ቃሉ ይገባዋል አለ። ከእርሱ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ሳሙኤል ጆንሰን በ1755ቱ መዝገበ ቃላቱ «ለሰር» የሚለውን ቃል ሕዝቡ ያበላሸው የአረመኔ ቃል ብሎት ነበር። «ለስ» ራሱ ማበላለጫ ሆኖ ሳለ «ኧር» ስለተቀጠለበት ነው። ዛሬ «ለሰር» የተከበረ ቃል ነው። በአዋሽ ፓርክ የምናየው አምባራይሌ የእንግሊዝኛ ስሙ «ለሰር ኩዱ» ነው፤ ማንም ጆንሰንን ጠቅሶ ስሙን አይሰርዝም።

ይህን ስል «ሞር ቤተር» ብላችሁ ጻፉ ማለቴ አይደለም። ዛሬ በጽሑፍ የጸሐፊውን ክብር የሚቀንስ ቅርጽ ስለሆነ መተው አለበት፤ አንድ ክፍለ ቃል ላላቸው ቅጽሎች «ኧር»፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ላላቸው «ሞር» የሚለው መንገድም ሊጠና ይገባል። መካከል ላይ ያሉት ሁለት ክፍለ ቃል ያላቸው ቅጽሎች ወደ ሁለቱም ያዘነብላሉና መዝገበ ቃላት ይታይላቸዋል። ነገር ግን «ሞር ቤተር» ብሎ የጻፈ ተማሪ ምን ለማለት እንደፈለገ ማንም አይስትም፤ ነጥብ መቀነስ ካለበት መነሻውን ከጣለው ተማሪ የበለጠ ሊቀነስበት አይገባም።

የምርጫ ሕጎች ወደምላቸው ልምጣ። በጣም የታወቀው «ፊወር» ለሚቆጠር፣ «ለስ» ለማይቆጠር የሚለው ነው። መጽሐፎች እንደ ተፈጥሮ ሕግ ያቀርቡታል። መነሻው ግን ይታወቃል። ሮበርት ቤከር የተባለ እንግሊዛዊ በ1770 ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ለሚቆጠር ነገር «ፊወር» የበለጠ የሚያምር እንደሚመስለው ገለጸ። አቀራረቡ እንደ አስተያየት ነበር፤ ተከታዮቹ ደንብ አደረጉት። እርሱ ከመጻፉ በፊት ግን ንጉሥ አልፍሬድ በነገሠበት በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንኳ «ለስ» ለሚቆጠር ነገር ይውል ነበር። በ2008 የብሪታንያው የገበያ አዳራሽ ቴስኮ እስከ አሥር ዕቃ ለያዘ ሰው የተለየው ሰልፍ ላይ «ለስ» የሚለው ጽሑፍ ትክክል አይደለም የሚል ወቀሳ ስለበዛበት ቃሉን ትቶ «አፕ ቱ» በሚል ለወጠው። አሠራሩ ብልህ ነው፤ ሁለቱንም ጎራ ሳያስቀይም መልእክቱን አደረሰ።

ለእኛ ጸሐፊ የምመክረው በመደበኛ ጽሑፍ ደንቡን እንዲከተል ነው፤ የሚያነብበው አርታዒ ሊያምንበት ስለሚችል። ሆኖም ደንቡን ከልክ በላይ መከተልም ስህተት ያመጣል። ገንዘብ፣ ጊዜ፣ ርቀትና ክብደት ቢቆጠሩም በጥቅሉ እንደ መጠን ስለሚታሰቡ «ለስ» ነው የሚገባቸው፦ ከአምስት ኪሎ ሜትር ያነሰ፣ ከ500 ብር ያነሰ፣ ከሦስት ሳምንት ያነሰ። እዚህ ላይ «ፊወር» የሚጽፍ ሰው ደንቡን ሸምድዶ ምክንያቱን ስቷል።

«ዛን አይ» ወይስ «ዛን ሚ» የሚለውም ከዚያው ዘመን የመጣ ነው። ላውዝ ከ«ዛን» በኋላ የተደበቀ ግሥ አለ፣ ተውላጠ ስሙም በዚያ ግሥ ይወሰናል አለ። ተናጋሪው ሕዝብ ግን «ዛን»ን እንደ መስተዋድድ ቆጥሮ «ሚ» ማለቱን አላቆመም። በእኔ ግምት ሁለቱን ለመምረጥ መጨነቅ ጊዜ ማባከን ነው፤ ግሡን መጻፍ ይሻላል። እናት ነርሷን ከሐኪሙ የበለጠ ታምናለች የሚለው በእንግሊዝኛ በአጭሩ ሲጻፍ ሁለት ትርጉም ይይዛል፦ እናት ሐኪሙን ከምታምነው ይልቅ ነርሷን ታምናለች፣ ወይም ሐኪሙ ነርሷን ከሚያምናት ይልቅ እናት ታምናታለች። ስም ስለሆኑ «አይ» እና «ሚ» አያድኑንም። አማርኛ «ከሐኪሙ ይልቅ»ን ከነርሷ ወይም ከእናትየዋ አጠገብ በማድረግ ይለየዋል። እንግሊዝኛ ግን አንድ ተጨማሪ ግሥ ይፈልጋል፤ ዋጋው አንድ ወይም ሁለት ቃል ነው፣ የሚያስቀረው አለመግባባት ግን በሽተኛን የሚመለከት ሊሆን ይችላል።

«ላይክ» እና «አዝ» ላይ የተነሳውን ጠብ በአጭሩ ልለፈው። በ1954 የወጣ የዊንስተን ሲጋራ ማስታወቂያ በ«አዝ» ቦታ «ላይክ» ብሎ የሰዋስው ወዳጆችን አስቆጥቶ ነበር፤ ዛሬ በንግግር ማንም ልብ አይለውም። በመደበኛ ጽሑፍ ግሥ ያለው ሐረግ ከተከተለ «አዝ» ማድረጉ ይበቃል።

ፍጹም የሆነ ነገር ይበላለጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከሰዋስው ይልቅ ወደ ፍልስፍና ያዘነብላል። «ፐርፌክት»፣ «ዩኒክ»፣ «ኢኳል» የመሳሰሉት ቃላት ደረጃ ስለሌላቸው «ሞር» አይገባባቸውም የሚሉ አሉ። በ1787 የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ግን በመግቢያው «ሞር ፐርፌክት ዩኒየን» ይላል። አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለዜግነት ፈተና ሲዘጋጁ የሚያነቡት ይኸው ሰነድ ነው። ጸሐፊዎቹ ወደ ፍጽምና የበለጠ የቀረበ ኅብረት ለማለት እንደፈለጉ ማንም ይረዳል። መነሻውም አይጠፋም፤ ከእርሱ በፊት የነበረው የላላ የኮንፌዴሬሽን ውል ነው። በዚህ የተነሳ ንጽጽሩ ከብዙ ንጹሕ ሰዋስው ካላቸው ሪፖርቶች የበለጠ የተሟላ ሆኖ አገኘዋለሁ።

አሁን ደግሞ ሰዋስዉ የተስተካከለ የሚመስል፣ ትርጉም ግን ጨርሶ የሌለው ዓረፍተ ነገር እንይ። «ሞር ፒፕል ሀቭ ቢን ቱ ራሽያ ዛን አይ ሀቭ» የሚለውን እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ሲሰማው ራሱን ይነቀንቃል፤ ልክ ነው ይላል። ምን ማለት ነው ሲባል ግን ይቆማል። ብዙ ሰዎች ከምን የበዙ? «አይ» አንድ ሰው ነው፤ ቁጥር ከቁጥር ጋር አልተገናኘም። ማሪዮ ሞንታልቤቲ በ1984 ለማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ውስጥ ይህን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ጠቀሰ፤ በኋላም የማያልቅ ደረጃ በሣለው ሠዓሊ በኤሸር ስም ተጠራ። አሌክሲስ ዌልዉድና ባልደረቦቿ በ2018 ባወጡት ጥናት ደግሞ ድርጊቱ ደጋግሞ ሊደረግ የሚችል ሲሆን አንባቢዎች በቀላሉ እንደሚታለሉ አሳዩ። ወደ አገር መሄድ ይደጋገማልና አእምሮ «ሰዎች እኔ ከሄድኩት የበለጠ ጊዜ ሄደዋል» ብሎ በራሱ ያቃናዋል።

ወደ አማርኛ ስመልሰው «እኔ ከሄድኩት ይልቅ ብዙ ሰዎች ሩሲያ ሄደዋል» ይሆናል፤ በእኔ ጆሮ ወዲያው ይሰናከላል። መነሻው ከፊት ስለቆመ ምን ከምን ጋር እንደሚለካ ገና ከጅምሩ እንጠይቃለን። በእንግሊዝኛ የጻፍነውን ንጽጽር በልባችን ወደ አማርኛ መልሶ መፈተሽ የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ከአማርኛ የምንወርሰው ስህተት ብቻ አይደለም፤ መመርመሪያም እንወርሳለን።

ቁጥር ላይ ግን አማርኛም አያድነንም። አንድ አርሶ አደር በሄክታር 20 ኩንታል በቆሎ ያገኝ የነበረ፣ ዘንድሮ 60 አገኘ እንበል። በእንግሊዝኛ «ስሪ ታይምስ አዝ ማች አዝ» ካልን ሦስት እጥፍ ሆነ፣ 60 ነው፣ ክርክር የለም። «ስሪ ታይምስ ሞር ዛን» ካልን ብዙው አንባቢ አሁንም 60 ብሎ ይረዳል፤ ሒሳቡን ጥብቅ አድርጎ የሚያነብ ግን በ20 ላይ ሦስት ጊዜ 20 ጨምሮ 80 ይላል። አማርኛው «በሦስት እጥፍ ጨመረ» ያው ጭጋግ አለበት። ጭማሪው በመቶኛ ሲነገር ይብሳል። ከ20 ወደ 60 የ200 በመቶ ጭማሪ ነው፤ ሦስት እጥፍ መሆኑን ያየ ጸሐፊ ግን 300 በመቶ ጨመረ ብሎ ይጽፋል፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር 20 ኩንታል ያልተዘራ እህል ያሳፍሳል። «ስሪ ታይምስ ለስ» የሚለውን ደግሞ ከናካቴው መተው ነው የሚሻለው። አንድ ነገር አንድ ጊዜ በሙሉ ከተቀነሰ አልቋልና ሦስት ጊዜ ሊቀንስ አይችልም። አንድ ሦስተኛ ሆነ ማለት ግልጽ ነው።

የመቶኛ ነጥብም እንዲሁ ነው። የአንድ ወረዳ የክትባት ሽፋን ከ40 በመቶ ወደ 50 በመቶ ቢያድግ፣ ጭማሪው 10 የመቶኛ ነጥብ ወይም 25 በመቶ ነው። «በ10 በመቶ አደገ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ቃሉን በትክክል የሚወስድ አንባቢ 44 በመቶ ደረሰ ብሎ ያስባል። በዚህ ስህተት ላይ ተመሥርቶ የሚታዘዝ መድኃኒት፣ የሚመደብ በጀት አለ። አዋጁ ቀላል ነው፦ መነሻ ቁጥሩንና መድረሻ ቁጥሩን ሁለቱንም ጻፍ፣ እጥፉና መቶኛው ከእነርሱ በኋላ ይምጣ። ቁጥሮቹ ካሉ ሐረጉ ቢወላገድ እንኳ አንባቢው መንገዱን ያገኛል። ብዛትንና ምጣኔን አለመቀላቀልም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። አዲስ አበባ ከጅግጅጋ የበለጠ የመኪና አደጋ አለባት ማለት ስለ ከተማዋ ትልቅነት እንጂ ስለ መንገዷ አደገኛነት ገና ምንም አልነገረንም።

በጥናት ጽሑፍ «ዛን»ን እየገፋ ያለ አንድ ሐረግ አለ፤ «ኮምፔርድ ቱ» ወይም «ኮምፔርድ ዊዝ»። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር የአጻጻፍ መመሪያን የመሰሉ ደንቦች ሁለት ነገሮችን አስተያይቶ ለመመርመር «ዊዝ»ን፣ አንዱን በሌላው ለመመሰል «ቱ»ን ይመርጣሉ። ልዩነቱን መጠበቅ መልካም ነው፤ ቢጣስም ግን ትርጉም እምብዛም አይጎዳም። የሚጎዳው «ሃየር» ብሎ ከጻፉ በኋላ «ዛን»ን ትቶ «ኮምፔርድ ቱ» ማስከተል ነው። አንደኛ ነገሩ ሁለት ጊዜ ይነገራል። ሁለተኛ «ኮምፔርድ» ላላ ያለ ቃል ስለሆነ ከየትኛው ክፍል ጋር እንደታሰረ አይታወቅም። «ዛን» ግን ወዲያው ሚዛኑን ያስይዛል፤ ከኋላው ምን እንደሚመጣ ጸሐፊውን ይጠይቀዋል።

ትምህርት ቤት እዚህ ድረስ አያደርሰንም። እንግሊዝኛ በአገራችን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ትምህርት ይሰጣል፣ በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ቋንቋ ነው። ያየኋቸው የማነጻጸር መልመጃዎች ግን በብዛት ቅንፍ ውስጥ የተሰጠን ቅጽል ቅርጹን ለውጦ ባዶ ቦታ መሙላት ናቸው። ተማሪው «ቶል»ን «ቶለር» ያደርጋል፤ ማን ከማን እንደሚረዝም ግን መጽሐፉ አስቀድሞ ወስኖለታል። መነሻ መምረጥን፣ ማለትም የማነጻጸርን ዋና ሥራ፣ አንድም ቀን አልሠራም። ከዚያ በኋላ ያ ተማሪ አድጎ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ሲጽፍ ወይም ለጉዞ አይኢኤልቲኤስ የሚባለውን ፈተና ሲወስድ ከዚሁ ሥራ ጋር ይፋጠጣል። በፈተናው የአካዳሚክ ዘርፍ የመጀመሪያው የጽሑፍ ጥያቄ ሠንጠረዥ ወይም ግራፍ አቅርቦ፣ ቢያንስ በ150 ቃላት ዋና ዋናውን እንዲገልጽና ተገቢ በሆነበት ሁሉ እንዲያነጻጽር ያዘዋል፤ የሚመከረው ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። ባዶ ቦታ የለም። ከግራፉ የትኛው መስመር ከየትኛው ጋር ቢቆም ትርጉም እንደሚሰጥ ተፈታኙ ራሱ ይወስናል።

እንዲህ ላለው ጽሑፍ መምህራን ቢያለማምዱ የምወደው መልመጃ ቀላል ነው። አንድ ሠንጠረዥ፣ ለምሳሌ የሦስት ከተሞች የውኃ ስርጭት በሁለት ዓመት፣ ይሰጥ። ተማሪው ከመጻፉ በፊት በአማርኛ «ከ» ብሎ ይጀምርና መነሻውን ያስቀምጥ፤ ከዚያ እንግሊዝኛውን ይጻፍ፤ ሲጨርስ በጻፋቸው ማበላለጫዎች ሁሉ ሥር ያስምርና እያንዳንዱ «ዛን» እንዳለው፣ ከሌለውም መነሻው ባለፈው ዓረፍተ ነገር በግልጽ እንዳለ ይይ። መነሻ በቅርብ ከተነገረ «ዛን»ን መድገም አያስፈልግም፤ ጽሑፉን ያከብደዋል። ሦስት ነገሮች ሲወዳደሩ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሀዋሳ ስርጭት ከአዳማና ከመቀሌ ይበልጣል ተብሎ በእንግሊዝኛ ሁለቱ ከተሞች በ«ኤንድ» ተያይዘው ከተጻፉ፣ ከእያንዳንዳቸው ነው ወይስ ከሁለቱ ድምር የሚለው ክፍት ይቀራል። «ዛን አዳማ ኦር መቀሌ» ከተባለ ከእያንዳንዳቸው ነው፤ ድምሩ ከተፈለገ «ኮምባይንድ» የምትል ቃል መጨረሻው ላይ ትጨመር።